የአዋቂነት ዋዜማ በምን ይለካል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄፍሪ ጄንሰን አርኔት የአገሩን ወጣቶች “አዋቂ ሆኛለሁ ብላችሁ ታስባላችሁ?” እያለ ሲጠይቅ፣ ከ“አዎ” እና ከ“አይ” ሌላ ሦስተኛ መልስ አዘጋጅቶላቸው ነበር፤ “በአንዳንድ ነገር አዎ፣ በአንዳንድ ነገር ገና ነኝ” የሚል። በ18 እና በ25 ዓመት መካከል ያሉት አብዛኞቹ የመረጡት ይህንኑ ነው።

ምክንያት አላቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ሴቶች በ21፣ ወንዶች በ23 ዓመት ገደማ ትዳር ይይዙ ነበር። በ1996 ዕድሜው ወደ 25 እና 27 ከፍ ብሏል። አርኔት በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ ከ18 እስከ 25 ያለውን የዕድሜ ክልል ከጉርምስናም ከጎልማሳነትም ለየው። ማንነትን መፈለግ፣ አለመርጋት፣ በራስ ላይ ማተኮር፣ መሃል ላይ የመሆን ስሜት እና የተስፋ ብዛት መለያዎቹ ናቸው ሲልም በኋላ ዘረዘረ።

ሐሳቡ ሲነበብ ያሳምናል። ግን በምን ይመዘን?

በ2007 አላን ራይፍማን፣ አርኔት እና ማሊንዳ ኮልዌል 31 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይዘው መጡ። ብልሃቱ አጠያየቁ ላይ ነው። መላሹን ስለ ጠባዩ አያፋጥጠውም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት እስከ መጪዎቹ ያለውን፣ በድምሩ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆን ጊዜ እንዲያስብ ያደርገውና ወቅቱ የፍለጋ ነው? የጭንቀት ነው? የነጻነት ነው? ይለዋል። መልሱ ከ“ፈጽሞ አልስማማም” እስከ “በጣም እስማማለሁ” አራት ደረጃ ብቻ አለው። “መሃል ላይ ነኝ” ለሚል ትውልድ መሃል የሌለው ሚዛን መቅረቡ ፈገግ ያሰኛል።

አዘጋጆቹ ከአምስቱ መለያዎች ውጭ የሆነ አንድ ክፍልም ጨምረዋል፤ ለሌሎች ኃላፊነት መሸከም። የመጠይቁ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ባይነር በ2005 አርኔትን የተቸው የኑሮ ደረጃን ዘንግቷል ብሎ ነበር፤ ለዓመታት መማርና መሞከር ለሁሉም ወጣት የተሰጠ ዕድል አይደለምና። በ19 ዓመቷ ለቤት ሠራተኛነት ቤይሩት ሄዳ ታናናሾቿን የምታስተምር ኢትዮጵያዊት በሌሎቹ ክፍሎች ዝቅተኛ ነጥብ ብታመጣ ኋላ ቀርታ አይደለም። የተሸከመችውን የሚያሳየው ይህ የተጨመረው ክፍል ነው።

በ2015 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች መጠይቁን ወደ 8 ጥያቄ አሳጠሩት። ለመሙላት ቀላል ነው፤ የተፈተነው ግን በስዊዘርላንድ ወጣት ወንዶች ላይ ሲሆን፣ ከተቀነሱት ክፍሎች አንዱ ያው ስለ ሌሎች ኃላፊነት የሚጠይቀው ነው።