ወተት እምቢ ላለ ልጅ ካልሲየም ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ካርቱም ነው። የ2 ዓመት ልጄ ወተት ሲያይ ፊቱን ያዞራል። አጥንቱ እንዳይጎዳ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለአጥንቱ የሚያስፈልገው ካልሲየሙ ስለሆነ ወተት ጠጣ ብለው አያስገድዱት። በዚህ ዕድሜ በቀን 700 ሚሊ ግራም ገደማ ይመከራል። የእኔ ቀዳሚ ምርጫ እዚያ ዘባዲ የሚሉት እርጎ ነው፤ አንድ ኩባያ ሙሉ 300 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል። ስኳር ያልገባበትን ገዝተው ሙዝ ፈጭተው ይጨምሩበት። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ መብራት እየጠፋ ስላስቸገረ፣ እርጎው እንዳይበላሽ የዕለቱን ብቻ ይግዙ። የዱቄት ወተት ግን ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ገንፎው ውስጥ ቢያዋህዱት ልጁ ልብ አይለውም። ነጩ የሱዳን አይብ ጨው ስለሚበዛበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው በጥቂቱ ይስጡት። ከሰሊጥ የሚሠራው ጣሂናና የጤፍ እንጀራም ያግዛሉ። ጣሂናውን መጀመሪያ በጣም በትንሹ ይሞክሩ፤ ሰሊጥ የማይስማማቸው ልጆች አሉ።

ወተቱን በሻይ አለሳልሼ ልስጠው እንዳይሉ አደራ! ሻይ ብረት ወደ ሰውነቱ እንዳይገባ ያግዳል። ገና የሚጠባ ከሆነ ጡት አያስጥሉት። ጠዋት ፀሐይ ያሙቁት፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙ በደንብ አይሰርጽም። እግሩ ከተጣመመ ወይም መራመድ ካቃተው ሳይዘገዩ ሐኪም ያሳዩት።