ጥገና ስለሚገባ ዕቃ አቀባበል፤ ላፕቶፕ ለሚሸጡና ለሚጠግኑ ነጋዴዎች

ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ከውጭ አገር እያስመጡ የሚሸጡ ነጋዴዎች እየበዙ ከሄዱ ወዲህ፣ ጥገናው ከሽያጩ የማያንስ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ወደ አገር ከሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ በሌላ አገር ያገለገሉ፣ ወይም ከዱባይና ከአሜሪካ በመንገደኛ እጅ የመጡ ስለሆኑ፣ የፋብሪካቸው ዋስትና ጊዜው ያለፈበት ወይም በዚህ አገር የማይሠራ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ዕቃው በተበላሸ ጊዜ ገዢው የሚያውቀው ዋስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሸጠለት ባለሱቅ ወይም ባለሱቁ የጠቆመው ጠጋኝ ነው። ሥራው መልካም ትርፍ ያለው ቢሆንም፣ ከደንበኛ ጋር የሚያጣላ ነገር አይታጣበትም።

ብዙ ሰው ጠቡ የሚመጣው ከጠጋኙ የእጅ ጉድለት ይመስለዋል። እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ በርግጥ አለ። ነገር ግን የቅሬታው ሥር በደንብ ሲፈለግ፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዕቃው ገና ሳይፈታ፣ ደንበኛው ባንኮኒው ፊት ቆሞ ሳለ በተጻፈው ወይም ሳይጻፍ በቀረው ነገር ላይ ነው።

ለትምህርት እንዲሆን የሚከተለው ሁኔታ ይታሰብ። ወሩ ሰኔ ነው፤ የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋበት ጊዜ። ቅዳሜ ጧት የአንድ ሰሊጥ ላኪ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ጥገና ሱቅ ይገባል። ከኪቦርዱ ላይ ሁለት ፊደሎች አልመታ ብለውታል፤ ሌላ ጉድለት የለበትም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ተማሪ ትመጣለች። የእርሷ ላፕቶፕ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገራት፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ እንዲጫንበት ትጠይቃለች፤ ጽሑፎቿን አስቀድማ በፍላሽ ገልብጣለች። ሁለቱም ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ናቸው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ባለ 14 ኢንች። ዕቃ ተቀባዩ ልጅ በብጣሽ ወረቀት «ቲ480፣ ኪቦርድ»፣ «ቲ480፣ ፎርማት» ብሎ ይጽፍና በፕላስተር ይለጥፍባቸዋል። ሰኞ ጧት ጠጋኙ ሲመጣ ሁለቱም ወረቀቶች ወለል ላይ ወድቀዋል። ልጁ ከወለሉ አንሥቶ በግምት መልሶ ይለጥፋቸዋል።

ማክሰኞ የሒሳብ ሠራተኛው መጥቶ ዕቃውን ይረከባል። ሲከፍተው የማያውቃት ልጅ ከቤተሰቦቿ ጋር የተነሣችው ፎቶግራፍ ፊቱ ድቅን ይላል።

«ይህ የእኔ አይደለም።»

«የእርስዎ ነው እንጂ ጌታዬ፤ ይኸው ኪቦርድ ተብሎ ተጽፎበታል።»

ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ የእርሱ ላፕቶፕ ከመደርደሪያው ይገኛል። ኪቦርዱ እንደ ተበላሸ ነው፤ የዓመቱ ሒሳብ ግን የለም። ይህን ጊዜ ልጁ ደንግጦ፣ «ቫይረስ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ራሱ ነው ያጠፋው። ነገ ይምጡና ከባለቤቱ ጋር ይነጋገሩ» ይለዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሱቁ የሠራው ስሕተት ከአንድ በላይ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው የመጨረሻው መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል። የመጀመሪያው ግን «ቲ480» የሚለው ጽሑፍ ነው። ይህ የዕቃው ዓይነት ስም እንጂ የዕቃው መለያ አይደለም። በብዙ መንጋ መካከል ላለ እረኛ «አንድ ነጭ በግ» ብሎ አደራ እንደ መስጠት ይቆጠራል። እያንዳንዱን ላፕቶፕ ከመሰሎቹ የሚለየው ፋብሪካው የሰጠው ሴሪያል ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከበታቹ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። የዴል ኩባንያ ደግሞ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት 7 ምልክት ያለው «ሰርቪስ ታግ» ይለጥፍበታል።

ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። ያገለገሉ ላፕቶፖች ሲታደሱ የአንዱ የታች ክዳን ለሌላው የሚገጠምበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ከሆነ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ሌላ ላፕቶፕ ነው። ዕቃው የሚበራ ከሆነ በባዮስ ገጽ ላይ የሚታየውን የውስጥ ቁጥር ማየትና ከታች ካለው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱም ይጻፉ፤ ደንበኛውም እዚያው ይወቀው።

ቁጥር ምን ያህል እንደሚጠቅም የዓለም ንግድ ራሱ አሳይቷል። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. የዴል ኩባንያ በሶኒ የተሠሩና እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ የተባሉ 4.1 ሚሊዮን ያህል የላፕቶፕ ባትሪዎችን ከገበያ ሲሰበስብ፣ ደንበኞች ላፕቶፑን በሙሉ እንዲመልሱ አልጠየቀም። በባትሪው ላይ ያለውን ቁጥር አንብበው ከተዘረዘሩት መሆን አለመሆኑን እንዲያረጋግጡ ብቻ አደረገ። ባትሪዎቹ በስምና በቀለም ብቻ የሚታወቁ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ያለ ሥራ ባልተቻለ ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ የመቀበያ ደረሰኝ በሁለት ቅጅ ተጽፎ አንዱ ለደንበኛው ሊሰጠው፣ ሌላው ከዕቃው ጋር በአንድ ከረጢት ሊቀመጥ ይገባል። ቻርጀርና ቦርሳ አብረው እንደ ገቡ ወይም እንዳልገቡ ይጻፋል። ክዳኑ የተጫረ፣ ማእዘኑ የተሰበረ፣ ብሎኑ የጎደለ እንደሆነም እንዲሁ። የሚሞሪውና የዲስኩ መጠን ደግሞ ደንበኛው እያየ ቢመዘገብ እጅግ ይጠቅማል፤ «8 ጂቢ ነበር፣ አራት አድርገው መለሱልኝ» የሚለው ሐሜት በዚህ ንግድ ውስጥ የተለመደ ሲሆን፣ እውነት ሆነ ሐሰት ያለ ጽሑፍ የሚያስተባብለው የለም። በተለወጠው ዕቃ ፈንታ የወጣውን አሮጌ መለዋወጫ በላስቲክ አድርጎ መመለስም ከብዙ ቃል ይበልጣል።

የብልሽቱ ነገር ሲጻፍ ደንበኛው በተናገረው ቃል እንጂ በተቀባዩ ግምት መሆን የለበትም። ደንበኛው «አይበራም» ቢል «አይበራም» ተብሎ ይጻፍ። ተቀባዩ በራሱ ዕውቀት «ባትሪ ይቀየር» ብሎ የጻፈ እንደሆነ ግን ጠጋኙ የታዘዘውን ባትሪ ይቀይራል፤ ደንበኛውም ከፍሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ግን አሁንም አይበራም። ከላይ የተነገረው ቲ480 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ዓይነት ላፕቶፕ አንድ ባትሪ በውስጡ፣ አንድ ተነቃይ ባትሪ ከጀርባው የሚይዝ ስለሆነ፣ የውጭው አዲስ ቢሆንም የውስጡ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። ደንበኛው ይህን ስለማያውቅ ተታለልሁ ብሎ ያስባል፤ ያልተነገረው ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው በዲስኩ ውስጥ ያለው ጽሑፍና ሒሳብ ነው። የላፕቶፑ ዋጋ በገበያ ይታወቃል፤ በውስጡ ያለው ግን ዋጋ አይወጣለትም። ስለዚህ «በውስጡ ያለው ይጥፋ ወይስ አይጥፋ?» የሚለው ጥያቄ ለደንበኛው በግልጽ ቀርቦ፣ መልሱ በራሱ እጅ ተጽፎ መፈረም አለበት። የይለፍ ቃል መቀበል አስፈላጊ ሲሆንም በከረጢቱ ላይ በጉልህ መጻፍ ነውር ነው፤ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል። የግለሰቦችን መረጃ ለመጠበቅ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ከነውርነት አልፎ የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

በዚህ ረገድ ብዙ ጠጋኞችን ያለ ጥፋታቸው ያስወቀሰ አንድ ነገር አለ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ቁልፍ በዲስኩ ያለውን ሁሉ በምስጢር ይቆልፋል። ማዘርቦርዱ የተለወጠ እንደሆነ ላፕቶፑ ሲበራ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ካልተገኘ ዲስኩ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚከፍተው አይኖርም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም አዲስ ሲጫን፣ ተጠቃሚው በማይክሮሶፍት አካውንቱ ከገባ ይህ ቁልፍ በራሱ የሚሠራ ስለሆነ፣ ባለቤቱ መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ቁጥሩ በዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ስለሚገኝ፣ ማዘርቦርድ ከመነካቱ በፊት ደንበኛው ፈልጎ እንዲያመጣው መንገር ይበቃል። ከተለወጠ በኋላ ቢነገረው ግን ሰበብ ይመስለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀጠሮ ነገር ነው። «እሺ፣ ነገ» የሚለው ቃል በጥገና ሱቅ ውስጥ ከማናቸውም ብልሽት ይልቅ ደንበኛ ያስመርራል። ከቃሊቲ ወይም ከአያት ሥራውን ትቶ፣ የታክሲ ከፍሎ ሦስት ጊዜ ለከንቱ የተመላለሰ ሰው፣ በአራተኛው ቀን ዕቃው እንደ አዲስ ሆኖ ቢሰጠው እንኳ ደስ አይለውም። ባለሱቁ ሆን ብሎ አይዋሽም፤ መለዋወጫው የሚደርስበትን ቀን ሳያውቅ ቀን ስለሚሰጥ ነው። ሁለት ላፕቶፖች ስክሪናቸው 14 ኢንች ስለሆነ ብቻ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ ማገናኛ ባለ 30፣ የሌላው ባለ 40 መስመር ሊሆን ይችላል። ተፈትቶ ሳይታይ የታዘዘ ስክሪን አልገጥም ብሎ ይመለሳል፤ ቀጠሮውም ይፈርሳል።

ባትሪ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ብቻውን የታሸገ የሊቲየም አየን ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጓዝ ከመጋቢት 23 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሏል። በጭነት አውሮፕላን ሲላክም የተሞላው ኃይል ከመቶ 30 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ ክልከላ ለብቻው የሚላከውን ባትሪ፣ ማለት በጭነት ወረቀት ላይ ዩኤን 3480 ተብሎ የሚመዘገበውን የሚመለከት ነው። አስመጪው ይህን እያወቀ ለቸርቻሪው፣ ቸርቻሪውም ለጠጋኙ ካልነገረው፣ የመጨረሻው ውሸታም የሚሆነው ባንኮኒው ላይ የቆመው ልጅ ነው። ስለዚህ የሚያልቅበትን ቀን ከመስጠት ይልቅ፣ «ሐሙስ ከቀኑ በ10 ሰዓት ስልክ እንደውላለን» ብሎ በዚያ ሰዓት መደወል ይሻላል። ዕቃው ባይደርስም ይደወል።

ስለ ዋጋም ቢሆን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ለምርመራ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ዕቃው ሳይገባ ይነገር፤ ከተፈታ በኋላ ሌላ ብልሽት ቢገኝ ሳይጠየቅ አይሠራ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአውሮፓ ኅብረትም በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. ባወጣው የጥገና መመሪያ፣ ብልሽቱ፣ ዋጋው ወይም የዋጋው ጣሪያና ሥራው የሚፈጀው ጊዜ የሚጻፍበት አንድ ዓይነት ቅጽ አዘጋጅቷል። ቅጹን የሰጠ ጠጋኝ የጻፈውን ለ30 ቀን መለወጥ አይችልም። እንዲህ ያለውን ቅጽ በአማርኛ አሳትሞ ለመጠቀም የሚከለክል የለም፤ ወጪውም የአንድ ጥራዝ ደረሰኝ ነው።

አሁን ወደ ሒሳብ ሠራተኛው ነገር መመለስ ያስፈልጋል። መለዋወጡ ደርሷል፤ ሒሳቡም ጠፍቷል። በዚያች ሰዓት ሱቁ ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ላፕቶፑን አጥፍቶ ማንም እንዳይነካው ማድረግ ነው። ዲስኩ የቀድሞው ዓይነት፣ ማለት የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ከሆነ፣ አዲስ ነገር ያልተጻፈበት ክፍል በባለሙያ ሊመለስ ይችላል፤ ደጋግሞ እያበሩ መሞከር ግን የቀረውንም ይደመስሳል። ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ተስፋው ጠባብ ነው፤ የተደመሰሰውን ቦታ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳው ብዙ ጊዜ የሚመለስ አይገኝም።

ሁለተኛው እውነቱን መናገር ነው፤ ያውም በዚያው ቀን። «ቫይረስ ነው» የሚለው ሰበብ ለሱቁ ጥቂት ቀን ያተርፍለት ይሆናል፤ እነዚያ ቀኖች ግን የተወሰዱት ከደንበኛው ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ማክሰኞ እውነቱን ቢሰማ፣ ረቡዕ ጧት ወደ ባንክ ሄዶ የሒሳብ መግለጫውን ያወጣል፤ ከጉምሩክ አስተላላፊው የሰሊጡን ዲክላራሲዮን ቅጅ ይጠይቃል፤ በኢሜይል የተላኩትን ኢንቮይሶች ይሰበስባል። ሱቁም አንድ ሰውና አንድ ላፕቶፕ ሰጥቶት ያግዘዋል፤ የኪቦርዱንም ዋጋ አይቀበለውም። ተማሪዋም ተጠርታ፣ ላፕቶፗ ያላዘዘችው ኪቦርድ እንደ ገባለትና ሥራዋ ገና እንዳልተጀመረ ይነገራታል፤ ፎቶግራፏን ሌላ ሰው ማየቱም አይደበቃትም። እውነቱ የተነገረው ዓርብ ማታ ቢሆን ግን ባንኩ ተዘግቷል፤ አስተላላፊውም ቢሮ የለም፤ ከሰኔም የቀሩት ጥቂት ቀኖች ናቸው።