የቈጣቢ አምፖል ጥቅምና ጉዳት

ጠምዛዛ ቱቦ ያለው ቈጣቢው የፍሎረሰንት አምፖል በየቤቱ የተወደደበት ምክንያት በሒሳብ ይታወቃል። የጥንቱ ባለ ክር አምፖል 60 ዋት ሆኖ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ተመጣጣኝ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 14 ዋት ፍሎረሰንት ግን 2.1 ብቻ ይፈጃል።

ጉዳቱም ሊታወቅ ይገባል። በቱቦው ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ፤ ይኸውም መርዝ ነው። አምፖሉ ቢሰበር መስኮት ከፍቶ ከክፍሉ ጥቂት መቈየት፣ ኋላም ስባሪውን በወፍራም ወረቀት አንሥቶ ክዳን ባለው ዕቃ ማኖር እንጂ በመጥረጊያ መጥረግ አይገባም። ደግሞም ቶሎ ቶሎ በሚበራና በሚጠፋበት ስፍራ ዕድሜው ያጥራል።

የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እስከ 30 ዋት ያለውን ይህንኑ የቤት አምፖል ከእ.ኤ.አ. 2025 በኋላ እንዳይሠሩ፣ እንዳያስገቡና እንዳያስወጡ ተወስኗል። ስለዚህ አስመጪው አዲስ ትእዛዝ ሲጽፍ ሜርኩሪ የሌለበትንና ኃይልም ይበልጥ የሚቈጥበውን ኤልኢዲ ቢመርጥ ይበጀዋል። ባለሱቁም በመደርደሪያው የቀረውን ሲሸጥ ቢሰበር የሚደረገውን ለገዢው ይንገር፤ የዕቃውን ጕድለት ያልሸሸገ ነጋዴ ደንበኛው አይሸሸውምና።