በእርሻ መካከል የቀሩ ደሴቶች፦ የጎንደር ደጋማ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደኖችና የብዝኃ ሕይወታቸው ዕጣ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በማክሰኝትና በእንፍራንዝ በኩል ወደ አዲስ ዘመን የሚወርድ፣ ወይም በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ አገር በቀል ደን ባየ ቁጥር በመካከሉ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቢፈልግ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ከዚያ ውጭ ያለው መሬት ማሳ፣ ግጦሽና የባሕር ዛፍ ተክል ነው። በዚህ አካባቢ የደጋ ደን ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳዩ ሕያው ምስክሮች በአብዛኛው እነዚህ ትንንሽ ደኖች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ደኖቹን እንደ ደሴት በመቁጠር ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል፦ ከስፋታቸው አንጻር ምን ያህል ብዝኃ ሕይወት ሊይዙ ይችላሉ? ዛሬ ቆመው የሚታዩት ዛፎችስ ተተኪ አላቸውን?

ደኖቹን ከደሴት ጋር ማመሳሰሉ ለጌጥ የገባ አይደለም። ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ሥራ በአንድ ደሴት ላይ የሚገኘው የዝርያ ቁጥር በሁለት ኃይሎች ሚዛን የሚወሰን መሆኑን አስረድተዋል፤ አንደኛው ከውጭ የሚመጡ ዝርያዎች ፍሰት ሲሆን ሁለተኛው በደሴቱ ላይ ያሉት የሚጠፉበት ፍጥነት ነው። ደሴቱ ሲርቅ የሚመጣው ያንሳል፤ ሲጠብ የሚጠፋው ይበዛል። የስፋትና የዝርያ ቁጥር ዝምድና ቀጥተኛ አይደለም። በተለምዶ በሚሠራበት ቀመር (የስፋቱ አራቢ 0.25 ሲሆን) ከአንድ ደን ስፋት 90 በመቶው ቢጠፋ ከዝርያዎቹ 56 በመቶ ያህሉ ይቀራሉ፤ 99 በመቶው ቢጠፋ ደግሞ 32 በመቶ ያህሉ። ቁጥሩ መጀመሪያ ሲያዩት ያጽናናል። ነገር ግን ቀመሩ የሚናገረው ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ስላለው ሁኔታ ነው፤ ሚዛኑ እስኪስተካከል ደግሞ የዛፍ ዕድሜ ያህል፣ ማለትም መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ተመራማሪዎች ይህን መዘግየት የመጥፋት ዕዳ ይሉታል። የዛሬው ወይራ ቆሞ ይታያል፤ በሥሩ ግን ችግኝ ከሌለ ዕዳው ገና አልተከፈለም ማለት ነው።

ንጽጽሩ የሚጎድለውም ነገር አለ። በጣና ሐይቅ ላይ ያሉት ደሴቶች በውኃ የተከበቡ ናቸው፤ ውኃው ከብት አያግድም፣ ማገዶም አይለቅምም። የቤተ ክርስቲያን ደን የተከበበበት «ባሕር» ግን ሞፈርና ቀንበር ያለው፣ በየዓመቱ ወደ ጠርዙ የሚጠጋ ባሕር ነው። ስለዚህ በየብስ ላይ ያለ ደሴት ከእውነተኛው ደሴት ይልቅ አስጊ ሁኔታ ላይ ይገኛል ብሎ መናገር ይቻላል።

ከዚህ በፊት ደን ምን ያህል ነበር?

ስለ ኢትዮጵያ ደን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓረፍተ ነገር ይደግማል፤ ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ ዛሬ ጥቂት በመቶ ብቻ ቀርቷል የሚለውን። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ይህ አኃዝ በልኬት ላይ ያልተመሠረተና ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲተላለፍ የቆየ ትረካ መሆኑን አሳይቷል። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሡ ፎቶግራፎችም በኋላ በእነ ያን ኒሰን ከዛሬው መልክዓ ምድር ጋር ሲነጻጸሩ፣ መሬቱ ያኔም በብዙ ቦታ የተራቆተ እንደነበር ታይቷል። የጎንደር ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታረስ የኖረ ምድር ነው፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ በዐፄ ፋሲለደስ ከተመሠረተች ጀምሮ ለቤተ መንግሥቱ፣ ለአብያተ ክርስቲያናቱና ለነዋሪው ማገዶና ግንድ ስትበላ ኖራለች። እንግዲህ ጥፋቱ ሁሉ የአያቶቻችን ወይም የእኛ ዘመን ሥራ ነው ብሎ መደምደም መረጃው አይፈቅድም።

የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በሚመለከት የበለጠ የሚያሳየው የአየር ፎቶግራፍ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ከአውሮፕላን የተነሡ ምስሎችን እስከ 2015 ካሉት የሳተላይት ምስሎች ጋር ያነጻጸሩት ፒተር ስከልና ባልደረቦቹ ደኖቹ በጥቅሉ እንዳልጠፉ፣ አንዳንዶቹም እንደሰፉ አግኝተዋል። ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ ሦስት ሥርዓተ መንግሥት ሲፈራረቅ ያለ ደን ጠባቂ ደመወዝና ያለ ካርታ ደኖቹ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ከሰፋው ክፍል የተወሰነው ባሕር ዛፍ ነው። ከላይ ሲታይ አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፤ የደን ሽፋን የሚለው ቃል ጥድንና ባሕር ዛፍን ለይቶ አያውቅም። በእኔ አስተያየት የሽፋን መጠን ብቻውን የሚቀርብባቸው ሪፖርቶች በዚህ ምክንያት አሳሳች ናቸው።

በደኖቹ ውስጥ ያለው

በዚህ ረገድ መሠረት የጣለው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ያካሄደው ጥናት ነው። በጠቅላላው 168 የእንጨትነት ባሕርይ ያላቸው የዕፅዋት ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ 100 ዛፎች፣ 51 ቁጥቋጦዎች፣ 17 ሐረጎች። ከእነዚህ 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው። የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ሎል፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዶቅማ፣ ከፍ ባለው ቦታ ኮሶ፤ ከሥራቸው አጋም፣ ቀጋ፣ አጣጥና እንቆቆ፤ የአካባቢው ሰው ስማቸውንና መድኃኒትነታቸውን የሚያውቃቸው ናቸው።

ከዚህ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 168 የሚለው ድምር ነው። ለእኔ ይበልጥ ትርጉም ያለው ግን በአንድ ደን ውስጥ የተገኘው የዝርያ ቁጥር ነው፤ ከ15 እስከ 78 ይደርሳል። ከሁሉ የበለጸገው ደን እንኳ የጠቅላላውን ግማሽ አልያዘም። ደኖቹ በዝርያ ስብጥር የሚለያዩበት ዋነኛ ምክንያትም ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ ነው፤ ጥናቱ ከ1,800 ሜትር ገደማ እስከ 3,100 ሜትር በላይ ያሉትን ይሸፍናል። በቆላው አፋፍ ያለው ደን የያዘውን የደጋው አይተካውም።

ይህ ለጥበቃ ሥራ ቀጥተኛ ውጤት አለው። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀርበው የመጀመሪያ ሐሳብ «ትልቁንና ምርጡን መርጠን እንጠብቅ» የሚል ነው። በታራ ገዳም ያለውን የመሰለ ሰፊ ደን መጠበቁ ያለ ጥርጥር ተገቢ ነው፤ ሌሎቹን ትቶ እርሱን ብቻ መጠበቅ ግን በቁጥሩ አይደገፍም። እዚህ ጥብቅ ቦታው አንዱ ደን ሳይሆን ስብስቡ ነው። አንድ የገጠር አጥቢያ ሁለት ሄክታር ደኑን ቢያጣ፣ ያ ደን ብቻውን የያዘው አንድ ዝርያ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ በሪፖርት ላይ ግን ሁለት ሄክታር ብቻ ይመዘገባል።

የጠርዝ ስሌት

ትንሽ ደን ውስጡ ምን ያህል «ውስጥ» እንደሆነ በቀላል ጂኦሜትሪ ማሳየት ይቻላል። ደኑ ክብ ነው እንበል፤ ነፋስ፣ ፀሐይ፣ የከብት እግርና አረም ከጠርዙ እስከ 50 ሜትር ዘልቀው ይገባሉ ብለን እናስላ። መቶ ሄክታር የሆነ ደን ከስፋቱ 83 በመቶው ከጠርዝ ተጽዕኖ ነፃ ይሆናል። አምስት ሄክታር የሆነ ደን ግን 36 በመቶው ብቻ፤ አንድ ሄክታር የሆነው ደግሞ ከመቶ አንድ በመቶ ብዙም የማይበልጥ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ከሚቆምበት ያነሰ ቦታ። የ50 ሜትሩ ልክ ለስሌት የተወሰደ ግምት ቢሆንም፣ 30 ቢሆንም 70 የአዝማሚያው አቅጣጫ አይለወጥም። በዚያ ላይ ደኑ እንደ ቀለበት ነው፤ መካከሉ መቅደሱና ዐውደ ምሕረቱ ስለሆነ የውስጥ ጠርዝም አለው። የአብነት ተማሪዎች ጎጆ፣ የመቃብር ስፍራ፣ ወደየበሩ የሚወስዱት መንገዶችም ቀለበቱን ይቆራርጡታል። ከላይ የተሰጡት ቁጥሮች እንግዲህ ከእውነታው የተሻሉ ናቸው።

ተተኪው ከየት ይመጣል?

የዓለማየሁ ዋሴና የደምል ተክታይ ጥናት (እ.ኤ.አ. 2006) በደኖቹ አፈር ውስጥ ምን ዓይነት ዘር ተቀብሮ እንደሚገኝ መርምሯል። በአፈሩ ውስጥ በብዛት የተገኘው የሣርና የአረም ዘር ነው፤ አብዛኞቹ የደን ዛፎች ዘራቸውን በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያስቀምጡም። የስንዴ ጎተራ ያለው ገበሬ አንድ ዓመት ዝናብ ቢቀር ከጎተራው ይዘራል፤ እነዚህ ዛፎች ጎተራ የላቸውም። እናት ዛፉ ከተቆረጠ የመመለስ ተስፋው አብሮ ይቆረጣል፣ ዘር በወፍ ወይም በእንስሳ ከሌላ ደን ካልመጣ በቀር። ስለሆነም «መሬቱን ከልለን ብንተወው ራሱ ያገግማል» የሚለው አስተሳሰብ እናት ዛፍ በቅርብ በሌለበት ቦታ አይሠራም።

እናት ዛፍ ባለበትም ከብት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የዓለማየሁና የባልደረቦቹ ሙከራ ከብት እንዳይገባ የታጠሩና ያልታጠሩ ቦታዎችን አነጻጽሯል፤ በታጠረው ውስጥ የዘር መብቀል፣ የችግኝ መትረፍና ማደግ ሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ጣሪያ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር የጀመረው የድንጋይ ካብ ሥራ ከዚህ የመነጨ ነው። በሥራው ብልሃት የሚታየው ድንጋዩ የሚለቀመው ከአካባቢው ማሳ በመሆኑ ነው፤ ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ይጸዳለታል፣ ደኑም ቅጥር ያገኛል። ሆኖም ካብ ወሰን ያጸናል እንጂ አያሰፋም። አሁን ባለው ጠርዝ ላይ የተካበ እንደሆነ የጠበበውን ደሴት በጠበበበት ያጸናዋል። አጥቢያው ከተስማማ ካቡን ጥቂት ሜትር ወደ ውጭ ገፍቶ መሥራት፣ ለአምስት ሄክታር ደን አሥር ሜትር ብቻ እንኳ፣ ከ0.8 ሄክታር በላይ ይጨምራል።

ካብ የማይከለክለው ደግሞ ከውስጥ የሚመጣው ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አብያተ ክርስቲያናትን ከሰፊ የመሬት ይዞታቸው ለይቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ለካህናቱ ቀለብ፣ ለጧፍና ለዕጣን፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ የሚሆን ገቢ የሚያስገኝ ነገር ሲፈለግ ባሕር ዛፍ ቀርቧል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ገበያም አያጣም። ይህን ያደረገውን ሰበካ ጉባኤ መውቀስ ቀላል ነው። በሌላ በኩል በሲሚንቶ የሚሠራው መቃብር እየበዛ ነው፤ እንደ ድሮው በአፈር ከሚሸፈነው መቃብር ላይ ሣርና ችግኝ ይበቅል ነበር፣ በሲሚንቶው ላይ ግን አይበቅልም። ይህ የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ በባለሙያ ምክር ብቻ አይፈታም፤ ቃሉ ከመምህራኑና ከንስሐ አባቶች ሲወጣ ነው የሚሰማው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው ደን ስለሆነ ሳይሆን የታቦቱ ግርማና ልብስ ተደርጎ ስለሚታይ ነው። ጥበቃው የሃይማኖት ክብር ጥላ ነው፤ ጥላው እንዲቀጥል ደግሞ ክብሩ ዛፉን ጭምር መያዝ አለበት።

ከፍታና ሙቀት

እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው ስሜንም በራሱ ደሴት ነው፤ በቆላና በእርሻ የተከበበ የብርድ ደሴት። እዚያ አስታው ወደ ላይ ለመሸሽ ቢያንስ ተራራ አለው። በዳባት ወይም በእንፍራንዝ ኮረብታ ላይ ያለ አምስት ሄክታር ደን ግን ሙቀት ቢጨምር ወዴት ይሄዳል? ዝርያዎቹ በከፍታ የሚለዩ መሆናቸው ከላይ ተገልጿል፤ ዘራቸው ከማሳው ባሻገር ወዳለው ከፍ ያለ ደን የሚደርሰው ፍሬ በል ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ በመካከል ካገኘ ነው። በማሳ ዳር የቀሩት ዋንዛዎችና ብሳናዎች፣ እንደ መገጭ ባሉ ወንዞች ዳር የቀሩት ሾላዎች በዚህ ዓይን ሊታዩ ይገባል። በደን መዝገብ ውስጥ አይቆጠሩም፤ በየዓመቱም አንድ ሁለቱ ይወድቃሉ።

ለችግኝ ጣቢያዎች ደግሞ ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ነጥብ አለ። ብዙ ጊዜ «ጥድ» ተብሎ የሚከፋፈለው የፈረንጅ ጥድ ነው፤ የሐበሻው ሲገኝም ዘሩ ከየትኛው ከፍታ እንደተለቀመ አይመዘገብም። ከ2,000 ሜትር የተለቀመ ዘር በ2,900 ሜትር ሲተከል ብርዱ ይጎዳዋል። ዘር ለቃሚው በከረጢቱ ላይ የአጥቢያውን ስምና ከፍታ ቢጽፍ፣ ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከብዙ እናት ዛፎች ቢለቅም፣ ተጨማሪ ወጪው እርሳስና ወረቀት ነው።