የደም ሥር ሕክምና መሣሪያ አምራቾች አክሲዮን

ጥያቄ፦ የደም ሥር ሕክምና መሣሪያ የሚያመርቱ ኩባንያዎችን አክሲዮን መግዛት ያዋጣልን?

መልስ፦ በደም ሥር ግድግዳ የጠጠረ ካልሲየምን በግፊት ሞገድ የሚሰባብር ካቴተር፣ ማለትም ወደ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ የሚያመርተው ሾክዌቭ ሜዲካል እ.ኤ.አ. በ2019 አንዱን አክሲዮን በ17 ዶላር ለሕዝብ ሸጦ፣ በ2024 ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በአንድ አክሲዮን 335 ዶላር ሒሳብ ስለ ገዛው፣ የተሳካ ፈጠራ ከፍተኛ ትርፍ እንደሚያስገኝ አሳይቷል። ሆኖም በ2018 የወጣ አንድ የጥናቶች ጥምር ትንተና ፓክሊታክሴል የተባለ መድኃኒት የተቀቡ የእግር ደም ሥር መሣሪያዎችን ከሞት መጨመር ጋር በማያያዙ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አጠቃቀማቸው እንዲገደብ መክሮ፣ ተጨማሪ መረጃ ሥጋቱን ስላልደገፈው ምክሩን ያነሳው በ2023 ነበር። ስለዚህ ገዢው የሕክምና ሙከራውን ውጤት፣ የተቆጣጣሪውን ፈቃድና የመድን ሽፋኑን አስቀድሞ ይመርምር፤ ገንዘቡንም በአንድ ኩባንያ ላይ ብቻ አያውል።