ልጆቻችንን ባር ግራፍ ማንበብ እናስተምር

ሱረቱ አን-ኒሳእ በአንቀጽ 6 አሳዳጊዎች የቲሞችን እንዲፈትኗቸው፣ ለጋብቻ ዕድሜ ደርሰው ብስለታቸው ሲታወቅም ገንዘባቸውን በምስክር ፊት እንዲያስረክቧቸው ያዛል። ተረካቢው ሒሳቡን ማንበብ ካልቻለ ርክክቡ ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ ዝግጅቱ በሕፃንነት መጀመር አለበት እንላለን፤ ባር ግራፍም መልካም መነሻ ነው።

በመጀመሪያ ቆርኪ እንጠቀም። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንቱ ላነበበው ለአንድ ገጽ አንድ ቆርኪ እየቆጠረ፣ ሁሉም ከአንድ መስመር ተነሥተው ወደ ላይ ይደርድሩ። ቀጥሎ በባለ ካሬ ደብተር ላይ እያንዳንዱን ቆርኪ በአንድ ካሬ ይተኩ። «የማን ይበልጣል? በስንት ይበልጣል? ድምሩስ?» ብለን እንጠይቃቸው። ይህን ሲለምዱ አንድ ካሬ 10 ብር እንዲወክል እናድርግ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንዱ ወር ወጪ 50፣ የሌላው 60 ብር ቢሆን፣ ከዜሮ የሚነሣ ግራፍ 5 እና 6 ካሬ ያሳያል። መነሻው 40 ከተደረገ ግን 1 እና 2 ካሬ ይሆናል፤ ልዩነቱ 10 ብር ብቻ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ልጁ ከዓምዱ ቁመት አስቀድሞ የመነሻውን ቁጥር እንዲመለከት እናስለምደው።

ውድ ለጋሾች! የቲምን ማጉረስና ማልበስ ትልቅ ሰደቃ ነው። ለእርሱ የዋለውን ገንዘብ ራሱ በግራፍ ሥሎ እንዲያነብ መርዳት ደግሞ አማናውን ለሚረከብበት ቀን ማዘጋጀት ነው። አላህ ሥራችንን ይቀበለን። አሚን።