ላፕቶፕ በመኪና ባትሪ፦ ከመሰካታችን በፊት እናስላ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ትምህርት እኛው ቤት ከደረሰ ነገር የተነሳ ነው።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ አባዬ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፋ። እህቴ በማግስቱ የመመረቂያ ጽሑፏን ማስረከብ አለባት፤ የላፕቶፗ ባትሪ ደግሞ ሊያልቅ ነው። አባዬ የታክሲውን ቁልፍ ሰጠንና «እዚያ ሰክታችሁ ሥሩ» ብሎን ተኛ። እኛም ሞተሩን ሳናስነሳ ስድስት ሰዓት ሠራን። ጽሑፉ አለቀ፤ ደስ አለን። ጠዋት ግን ታክሲው አልነሳ አለ! የሰፈር ልጆች ቁልቁለቱን ገፍተው እስኪያስነሱት ድረስ አባዬ የጠዋቱ ሥራ አመለጠው። እኔም በጣም አፈርኩ።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? የሳይንስ መምህራችንን ጠይቄ አብረን አሰላነው።

የመኪናው መሰኪያ ድሮ ሲጋራ መለኮሻ ነበር፤ ክብ የሆነው ለዚህ ነው። የሚሰጠው 12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። የቤታችን ግድግዳ ደግሞ 220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ይሰጣል። ስለዚህ ኢንቨርተር የሚባለው ዕቃ 12ቱን ወደ 220 ይቀይረዋል። ከዚያ የላፕቶፑ ቻርጀር መልሶ ወደ 19 ቮልት ገደማ ያወርደዋል። በዚህ ሁሉ መቀያየር ጥቂት ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፦

ዋት = ቮልት × አምፒር

የእህቴ ቻርጀር 65 ዋት ነው። 65 ÷ 12 = 5.4 አምፒር። የሚባክነው ሲጨመር 6 እንበለው። የመሰኪያው ፊውዝ 10 አምፒር ከሆነ ይችለዋል ማለት ነው። 1000 ዋት ካውያ ብንሰካ ግን 83 አምፒር ስለሚፈልግ ፊውዙ ወዲያው ይቃጠላል።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። 6 አምፒር × 6 ሰዓት = 36 አምፒር-ሰዓት። ባትሪው 60 አምፒር-ሰዓት ቢሆን ከግማሽ በላይ ሄደ! ሞተር ለማስነሳት ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ከ100 አምፒር በላይ ያስፈልጋል። የደከመ ባትሪ ይህን አይችልም። አባዬ እንዳለኝ፣ «ልጄ፣ ባትሪ እንደ እንስራ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ይሞላዋል፤ ሞተሩ ቆሞ ከቀዳችሁለት ይጎድላል።»

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦
1. ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ዋት እናንብብ፤ ለ12 አካፍለን ከፊውዙ ጋር እናስተያይ።
2. ረጅም ሰዓት የምንሠራ ከሆነ ሞተሩ ይነሳ። ግን ሜዳ ላይ ብቻ! በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ጭስ ሰው ይገድላል።
3. ስንጨርስ ኢንቨርተሩንም እንንቀል፤ ባዶውንም ቢሆን ኃይል ይወስዳል።

በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ውስጥ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለ። ስለዚህ ይህ ስሌት እዚያም ይሠራል።

አሁን አባዬ ታክሲ ውስጥ እኔ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል፦ «ዋት ÷ 12 = አምፒር»። ተሳፋሪ ሲጠይቀው ራሱ ያስረዳል።

ጥያቄ ለእናንተ፦ 90 ዋት ቻርጀር በ10 አምፒር ፊውዝ ላይ ይሠራል? መልሱን ከነስሌቱ ለክበባችን አምጡ።


ከ7ኛ ክፍል